አወያዩም መላሹም አንድ ሰው ሲሆን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ውድ አዘጋጆች፣

ስለ ሕዝብ ውይይት በጋዜጣችሁ የሚወጡ ዜናዎች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ስንት ሰው እንደተገኘ፣ የትኛው ኃላፊ ምን እንዳስገነዘበ፣ ከተሳታፊዎች ሁለት ሦስቱ ምን እንዳሉ ይነገረንና ዜናው ያልቃል። ሕዝቡ የተጠየቀው ጥያቄ ምን ነበር? ከውይይቱ በኋላ የተቀየረ ነገር አለ? ይህ አይጻፍም። ጥፋቱን በጋዜጠኞቻችሁ ላይ መጫን አልፈልግም፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ስለማይገኝ ነው። በእኛ በወሎ፣ በከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌ፣ ውይይት ተብለው ከሚጠሩት ስብሰባዎች በርካታዎቹ ሰው ከሰው ጋር የሚመክርበት ሁኔታ አልተዘጋጀላቸውም። የጎደለው ነገር ይታወቃል፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

የተለመደውን አካሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለጠዋቱ 2 ሰዓት የተጠራ ሕዝብ 4 ሰዓት አካባቢ ይሟላል። ሰብሳቢው መድረክ ላይ ሆኖ ጉዳዩን ለአንድ ሰዓት ያህል ያብራራል። ከዚያ «ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ» ይላል። አምስት ሰው ዕድል ይሰጠዋል፣ ሰብሳቢው ይመዘግባል፣ አምስቱም ተናግረው ሲጨርሱ ለሁሉም ተራ በተራ ይመልሳል። ሁለተኛ ዙር ይከፈታል፤ ሌላ አምስት ሰው፣ ሌላ መልስ። ሰዓቱ ስለገፋ በጭብጨባ ይጸድቅና ሰው ይበተናል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ስለ ጉዳዩ አልተነጋገረም። የተነገረው ሁሉ ወደ መድረክ ነው። ከብት ያለው የሌለውን፣ የላይኛው ጎጥ የታችኛውን ጎጥ አልሰማም።

የዚህ ሥሩ አወያዩ፣ አስረጂውና መላሹ አንድ ሰው መሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቅዱን ያመጣ ሰው ዕቅዱን መከላከል ግዴታው ነው፤ ቅንነት ስለጎደለው አይደለም። ተቃውሞ በሰማ ቁጥር ማስረዳት ይቀድመዋል፣ የሚቃወመውን ሰው ግንዛቤ እንደጎደለው ያየዋል። ሕዝቡም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የልቡን አምቆ፣ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ይቀመጣል። የልቡን የሚናገረው ከስብሰባው ሲመለስ መንገድ ላይ ነው።

ከምንም በፊት ወንበሮቹ ይለያዩ። አስረጂው ቢበዛ 15 ደቂቃ ተናግሮ ወደ ጎን ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍተው የቁጥር ወይም የሕግ ጉዳይ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ያዳምጥ፤ በዚያ ቀን መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበትም አስቀድሞ ለቤቱ ይነገር። ይህ ለኃላፊውም እፎይታ ነው። አወያዩ ደግሞ በጉዳዩ ላይ ጥቅምም ኮታም የሌለው ሰው ይሁን፤ ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ መምህር፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ የሌላ ሰፈር ቅሬ (በእኛ ዘንድ የእድር ስም ነው) ጸሐፊ። በቀበሌ ደረጃ ቀላሉ ዘዴ ባለሙያዎችን ማቀያየር ነው። ስለ ግጦሽ ሲመከር የግብርና ባለሙያው አስረጂ ሆኖ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታወያይ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ሲመከር ይገለባበጡ። አራተኛው ወንበር የጸሐፊው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥያቄው ነው። የማወያየት ሥራ ግማሹ ያለው እዚህ ስለሆነ አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። በደጋው ወሎ በብዙ ቀበሌ የሚነሳ ነገር አለ፤ የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይደረግ ወይስ አይደረግ? ይህ ጉዳይ ለሕዝብ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ «ስለ ተፋሰስ ልማት ጥቅም እንወያይ» ተብሎ ነው። የተፋሰስ ልማት አይጠቅምም የሚል ገበሬ የለም። ስለዚህ ሁሉም ይስማማል፣ ይጨበጨባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ፍየሎቹ ተራራው ላይ ይገኛሉ።

የሚያመካክር ጥያቄ ቢያንስ ሦስት መንገድ አለው፤ የእያንዳንዱ መንገድ ዋጋም አብሮ ይጻፋል። የመጀመሪያው መንገድ ተራራውን ሙሉ በሙሉ ከልሎ ሣሩን እያጨዱ መውሰድ ነው። ሣሩ ቶሎ ያገግማል፤ ዋጋው ግን ፍየልና በግ ባለው ሰው ላይ፣ ማገዶ ከዚያ በምትለቅም ሴት ላይ ያርፋል፣ የጥበቃ ደመወዝም ከሕዝቡ ይዋጣል። ሁለተኛው ግማሹን ለሦስት ዓመት ከልሎ ከዚያ ማቀያየር ነው፤ ዋጋው ክፍት የሚቀረው ግማሽ የሁሉን ከብት ተሸክሞ ይበልጥ መራቆቱ ነው። ሦስተኛው ሳይከልሉ የግጦሹን ቀንና በየቤቱ የሚወጣውን ከብት ቁጥር መወሰን ነው፤ እዚህ ላይ ዋጋው ጎረቤት ጎረቤቱን መቆጣጠርና መክሰስ ሊኖርበት ነው። አራተኛም አለ፤ እንዳለ መተው። ቦረቦሩ ወደ ታችኛው ማሳ ሲወርድ ማን ምን እንደሚያጣ ተጽፎ እሱም ይቅረብ። እያንዳንዱ መንገድ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በአምስት ወይም በስድስት መስመር ይጻፍና ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል ጮክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይነበብ። መንገዶቹ በቅንነት መጻፋቸው የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ ፍየል የሚያረባው ሰው ሦስተኛው መንገድ ሲነበብለት «አዎ፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» ማለት አለበት። ለማሸነፍ የተጻፈ አንድ መንገድና ለመሸነፍ የተጻፉ ሁለት መንገዶች ከሆኑ ሕዝቡ ገና ሲነበብ ያውቃቸዋል።

እነዚህ መንገዶች ቢሮ ተቀምጦ አይወጡም። ከስብሰባው በፊት በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ12 እስከ 15 ሰው በየቤቱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ከብት ያለው፣ ምንም የሌለው፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት፣ ልጇን ለእረኝነት የምታሰማራ እናት፣ የቅሬ መሪ፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ተራራው ቢከለል ምን ይቀርብዎታል? ባይከለልስ?» አንዲት እናት በቤቷ የምትናገረውን በ200 ሰው ፊት አትናገረውም። ቤት ለቤት የተሰማው ግን ያለ ስሟ ወረቀቱ ላይ ይሰፍርና በስብሰባው ቀን ሌላው ያነሳላታል። ጊዜ የለም ተብሎ ይህ ሥራ ከቀረ የቀኑ ውይይት የቱንም ያህል በደንብ ቢመራ የሚወራው የታወቀው ነገር ብቻ ነው።

መጥሪያውም ይታሰብበት። በወሎ ቅሬው ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የሚይዝበት አካባቢ ብዙ ነው፤ በልማት ቡድን ዝርዝር ብቻ ከተጠራው ይልቅ በቅሬ የተጠራው ስብሰባ የሕዝቡን መልክ ይይዛል። ቀኑን በተመለከተ፣ በሚካኤል ወይም በማርያም ዕለት ክርስቲያኑ ከእርሻ ስለሚያርፍ ይመቻል ተብሎ ይያዛል፤ ለሙስሊሙ ግን የሥራ ቀኑ ሊሆን ይችላል። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ጋር፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ። የገበያ ቀን ፈጽሞ አይሆንም፤ ባቲና አካባቢዋ ሰኞን፣ ሌላውም የየራሱን ቀን ያውቃል። በልግ አብቃይ በሆነው ደጋ ከየካቲት ጀምሮ፣ በመኸር አጨዳ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰው ማሳ ላይ ነው። ለሴቶች የሚመቸው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውኃና እራት ይመጣል። አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፤ ለስብሰባው ቡና የምታፈላው ሴት ከተሳታፊዎቹ አንዷ አትሁን። ረከቦቱ ጥግ ላይ ቀርቦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች ስትቀዳ ውላ በስም መዝገቡ ላይ «ተሳታፊ» ተብላ የምትቆጠር ሴት ስንት ናት!

አቀማመጡ ክብ ይሁን። አዳራሽ ከሆነ አግዳሚው ወንበር ይዙር፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ከሆነማ ይቀላል። ሞንታርቦ ካስፈለገ ሰዉ በዝቷል ማለት ነው። በአንድ ክብ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። 40 ሰው ካለ አራት ክብ፣ አራት አወያይ። መጀመሪያ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አባወራዎች ለብቻ ቢነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ይደባለቁ። ለየብቻ ብቻ ተነጋግረው ከተበተኑ ግን ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ልዩነቱ የሚሰማው ሲደባለቁ ነው።

አጀማመሩ በምርቃትና በዱዓ ይሁን። ይህ ለወግ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሰው ተቆጥቶ የመጣ እንደሆነ ልቡ የሚረጋው «አሚን» ሲል ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያጋጥም ነገር አለ። በባህላችን መጀመሪያ የሚናገረው ታላቅ ነው። ሽማግሌው «እኔ እንደሚመስለኝ መከለሉ ይሻላል» ካሉ በኋላ የሚነሳው ወጣት «አባታችን እንዳሉት» ብሎ ይጀምርና ያንኑ ይደግማል። ሽማግሌዎችን መከልከል ነውርም ነው፣ አይሠራምም። የሚሠራው ክብራቸውን ሳይነኩ ቦታውን መለወጥ ነው። አወያዩ ከስብሰባው በፊት ቀርቦ፦ «ምርቃቱን አንቱ ይጀምሩልን፤ ከዚያ ልጆቹ የልባቸውን እንዲያወጡ ያዳምጡልን፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሰሙትን አጠቃለው ይንገሩን» ይበል። ለሽማግሌ ማዳመጥና ማሳረፍ የለመደው ሥራ ስለሆነ እምቢ የሚል የለም። መጨረሻ ላይ ሲያጠቃልሉም የራሳቸውን አቋም ሳይሆን የሰሙትን ይናገራሉ፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም አወያይ ቃል ይልቅ ይከብዳል።

ወሎ አበጋርን (ጠብ የሚያበርዱ የአገር አባቶችን) እና ሽምግልናን ስለሚያውቅ የውይይት ባህል አለን፣ ሌላ ዘዴ አያስፈልገንም የሚሉ አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ግን ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል። ሽምግልና የተጣላን አስታርቆ ካሳውን ቆርጦ ሰላም ያወርዳል፤ ያለፈን ነገር ይዘጋል። የሕዝብ ምክክር ገና ካልተደረገ ነገር መካከል መምረጥ ነው፤ እዚያ ላይ «ለሰላም ሲባል ተውት» ከተባለ ምርጫው ሳይመረጥ ይቀራል። ከሽምግልና መወሰድ ያለበት ትዕግሥቱና ሁለቱን ወገን ለየብቻ የመስማት ልማዱ ነው።

አሁን ወደ አወያዩ አፍ ልምጣ። ደንቡ ከአራት አይብለጥ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ይናገር፣ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ፣ ሐሳብ ይነቀፍ እንጂ ሰው አይነቀፍ፣ እዚህ የተባለው ከነስሙ ወደ ውጭ አይውጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ አቋም አይጠይቅ። «ይህ ጉዳይ በእርስዎ ቤት እንዴት ይታያል?» ተብሎ ክቡን ይዙር፤ ሁሉም ሰው በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ድምፁን ካሰማ ሁለተኛ መናገር አይከብደውም። ከዚያ መንገዶቹ አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ 20 ወይም 25 ደቂቃ። ሰው በተናገረ ቁጥር «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» ማለት የአወያዮች የተለመደ ስህተት ነው። ቀጥሎ የሚናገረው ሰው ያን ምስጋና ካላገኘ የእሱ ሐሳብ መጥፎ እንደሆነ ይገባዋል፤ ያልተናገረውም የትኛው ሐሳብ እንደሚወደድ አውቆ ያንኑ ይከተላል። በምትኩ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ በራሱ ቃል መድገም ይበቃል። ክርክሩ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል «ይህን የማይስማማበት ሰው እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር?» ይባላል። ሁሉም የወደደው ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ «ዋጋው ማን ላይ ያርፋል?» ይባላል። ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ሲባል አወያዩ በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር። አብዛኛው አወያይ ሦስት ሳይቆጥር ራሱ ይናገራል፤ ሊናገር የነበረው ሰው በዚያው ይዋጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ሁሉንም መንገድ ካዩ በኋላ የሚመጣው ነው። «የምንፈልገውን ለማግኘት ምን ለመተው ፈቃደኛ ነን?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ መከለሉን የሚደግፈው ሰው ለጥበቃው በየወሩ ያዋጣል? ፍየል የሌለው ሰው ፍየል ላለው ከሣሩ ድርሻ ይለቃል? ማገዶ ለምትለቅመው በሳምንት አንድ ቀን ይፈቀዳል? ስምምነቱ የሚወለደው እዚህ ነው፤ ጊዜ አልቋል ተብሎ የሚዘለለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ክፍል ነው። ማብራሪያው ይጠር እንጂ ይህ አይነካ።

የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው፤ ዋና ዋናውን ልጥቀስ። ቃል የሚያረዝም ሰው ሲያጋጥም መቁረጥ ሳይሆን ሐሳቡን በአጭሩ ደግሞለት፣ አስጽፎለት «ተይዟል፤ አሁን ደግሞ ከዚህ ወገን እንስማ» ማለት ነው፤ ሰው የሚደጋግመው የተሰማ ስላልመሰለው ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ ቅሬታ ሲነሳ «ከአጀንዳ ውጭ ነው» ተብሎ አይጣል። «ማቆያ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ይኑር፤ ቅሬታው ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ስም ጋር ይጻፍና ማን እንደሚያደርሰው እዚያው ይወሰን። በከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ ወደ ባቲ ወርዶ አፋርኛ፣ በዋግ ኽምጣንጋ የሚቀለው ሰው አለ፤ ትንሹ ክብ በገዛ ቋንቋው ይነጋገር፣ ወደ ትልቁ ሲመጣ አስተርጓሚው ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር አጠራቅሞ ሳይሆን እያንዳንዱን ይተርጉም። ሲጠራቀም አስተርጓሚው የመሰለውን ነው የሚነግረን። ወሬ ሲነሳም «ከማን ሰማህ?» ብሎ ማፋጠጥ ሰውየውን ያሳፍራል፤ «ይህን እንዴት ማጣራት እንችላለን?» ቢባል ቤቱ ራሱ መንገዱን ያመጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ብዙ ቤት አፍርሷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውኃ ወይም ስለ መንገድ የተጠራ ስብሰባ ላይም ሐዘኑ ሳይታሰብ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰው ያጣውን መናገር ሲጀምር የሦስት ደቂቃው ደንብ አይሠራም፤ ይደመጣል። ሲጨርስ ከሽማግሌዎቹ ወይም ከሃይማኖት አባቶቹ አንዱ ያጽናኑት፣ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ይሁን፣ ከዚያ ሰውየው መቀጠል እንደሚፈልግ ለብቻው ይጠየቅ። «ማን አደረገ?» ወደሚል ስም መጥራት ከተሄደ ግን አወያዩ በጨዋነት ማቆም አለበት፤ ያ የፍትሕ አካል ሥራ ነው፣ በመድረኩ የተጠራው ስም ደግሞ ማታውኑ መዘዝ ያመጣል። «እነሱ» የሚል ቃል ሲበዛ «የትኛው ሥራ ነው የጎዳን?» ብሎ ከሰው ወደ ድርጊት መመለስ ይቻላል።

የሰዉን ምርጫ ለመለካት እጅ ማስወጣትን አልደግፍም። በትንሽ ቀበሌ ማን እጁን እንዳወጣ ሁሉም ያያል፤ ባለዕዳው ባለገንዘቡን፣ ልጁ አባቱን አይቶ ያወጣል። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ እንስራ ወይም አንድ ባልዲ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት የባቄላ ፍሬ ቢሰጠው፣ ሦስቱንም በአንዱ ወይም እያካፈለ ቢጨምር፣ የፍላጎቱ ሚዛን ይታያል። ባቄላው መምጣት ያለበት ከምክክሩ በኋላ ነው፤ ከቀደመ ሰው ድምፅ ለማሰባሰብ ይከራከራል እንጂ አያዳምጥም። ከዚያ ብዙ ባቄላ ያገኘው መንገድ እንደገና ለቤቱ ይቀርብና ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ የሚስማማ? ባይወደውም የሚችለው? ፈጽሞ የማይቀበለው? የማይቀበሉት ሁለት ሰዎች ቢሆኑም ምክንያታቸው ይሰማና ይመዝገብ፤ ብዙ ጊዜ ደንቡ የሚፈርሰው በእነዚያ በኩል ስለሆነ።

ሰው በሰው ፊት የልቡን አለማውጣቱ በሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰብ በሚሰጠው ድጋፍ፣ ተጠቃሚ ልየታ ላይ ይበልጥ ይታያል። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ድሃውን የሚለየው ማኅበረሰቡ ነው፤ ዝርዝሩ በይፋ ቀርቦ ቅሬታ ላለው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። አሠራሩ መልካም ነው። የሚበላሸው ስብሰባው ላይ ስም ተጠርቶ «ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» ሲባል ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ፊት ለፊት «አንተ አለህ» አይለውም፤ ካለውም ለዓመታት ይቀያየማሉ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይህ ይቀንሳል። መጀመሪያ ስም ሳይጠራ መስፈርቱ ይመከርበት፦ በዚህ ጎጥ ድሃ የምንለው ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት ከብት፣ ስንት የሚሠራ እጅ ያለውን ነው? ዘመድ የሚልክለት እንዴት ይታይ? መስፈርቱ ተጽፎ ከጸደቀ በኋላ ስም ቢመጣ ክርክሩ ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከመስፈርቱ ጋር ይሆናል።

ጸሐፊውን ቃል በገባሁት መሠረት ላንሳ። ቃለ ጉባኤ ቤት ተወስዶ አይጻፍም። በክቡ መሐል፣ ሁሉም በሚያየው ወረቀት ላይ በሦስት አምድ ይጻፋል፦ የተባለው ሐሳብ፣ ምክንያቱ፣ የተነሳበት ተቃውሞ። ስም አይጻፍም። የተናጋሪው ቃል እንዳለ ይቀመጥ፤ «የውኃው መንገድ እሾህ ያለበት ነው፣ ልጆቼ ይወጋሉ» ያለችውን ሴት «የመሠረተ ልማት ችግር ተነስቷል» ብሎ መጻፍ የተናገረችውን መጣል ነው። ሰው ከመበተኑ በፊት 15 ደቂቃ ተይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብ፤ «አላልኩም» የሚል ካለ እዚያው ይታረም። የስም መዝገቡ ነገርም አለ። በር ላይ የተፈረመው የመገኘት ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ሲያያዝ የስምምነት ፊርማ ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ ይህን የሚፈሩ ሰዎች ስብሰባ የሚሸሹት ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገቡ አናት ላይ «ይህ ፊርማ መገኘትን እንጂ መስማማትን አያመለክትም» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር፤ ለብቻውም ይቀመጥ።

አስቀድሞ የተወሰነ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ለውይይት አይጠራ። ገለጻ ነው ተብሎ፣ በአንድ ሰዓት ተነግሮ፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለስ። መንገድ ሊሰፋ ተወስኖ፣ ምልክት ተቀብቶ ካለቀ በኋላ «ሐሳባችሁን ስጡን» ማለት ለሚቀጥለው እውነተኛ ውይይት የሚመጣ ሰው ያሳጣል። ከውሳኔው የቀረ ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ የሚነሳው ሱቅ ወዴት ይሂድ፣ በምን ቅደም ተከተል ይነሳ፣ በዚያ ላይ ብቻ ይመከር፤ ይህም በግልጽ ይነገር።

ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 ሲቋቋም 11 ኮሚሽነሮች ተሰየሙለት፤ ብዙ ተስፋም ተጥሎበታል። ግን አንድ ገበሬ ስለ ገዛ ተራራው ከጎረቤቱ ጋር ዋጋ እየተመዘነ ተነጋግሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ስለ ሀገር ሲጠየቅም የሚያውቀው ያንኑ ነው፤ እጅ ማውጣት፣ መጠየቅ፣ መልስ ሰምቶ ማጨብጨብ። ልምምዱ የሚጀመረው ከጎጥ ነው።

ወጪው ብዙ አይደለም። ለ40 ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ 20 ትልልቅ ወረቀት፣ ስምንት እስክሪብቶ ማርከር፣ አንድ ኪሎ ባቄላ፣ ቡና፤ ከሁለት ሳምንት የቤት ለቤት ጥየቃ ጋር። ለተሳታፊ የሚከፈለው አበል ከቀረ ሰው አይመጣም የሚል አለ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚያመጣው ያለፈው ስብሰባ መልስ ነው። ስለዚህ ከውይይቱ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሁለተኛ አጭር ስብሰባ ይጠራና ኃላፊው ራሱ ቀርቦ ይናገር፤ ከተባለው ይህ ተወስዷል፣ ይህ ከወረዳው በጀት በላይ ስለሆነ አልተወሰደም፣ ይህ ለዞን ተልኳል። «አልተወሰደም» መባሉ ሰውን አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ዝምታው ነው።

ከእናንተ የምጠይቀውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጋዜጠኛችሁ ስለ አንድ ውይይት ሲዘግብ የተሳታፊውን ቁጥር ካስቀደመ በኋላ አራት ነገር ይጨምርልን፦ የቀረበው ጥያቄ በቃሉ፣ የተመዘኑት መንገዶች፣ ያልተስማማው ወገን ምክንያት፣ መልሱ የሚሰጥበት ቀን። አንድ ጋዜጠኛ ብቻ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ ለሁለተኛው፣ ለመልሱ ቀን ላኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማኅበረሰብ ውይይት አወያይ
ደሴ